የመጋቢቱ ቁጥር

ደብዳቤው ሦስት ጥፋት ይዘረዝራል፤ ሦስቱም ጥቃቅን ናቸው። አስረስ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ወልቂጤ በሚሠራበት ኮሌጅ ጠባብ የኔትወርክ ክፍል ተቀምጦ ሲያነበው ደሙ ፈላ። የሰው እንጀራ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶት ሳለ እነዚህ ፈረንጆች ስለ ፋይል ዝርዝር ይጽፋሉ!

እንጀራው ሊዘጋ የተቃረበው ጓደኛው ሱራፌል ነው። ደብዳቤውም የተላከው ለእሱ ነበር። «አሱ፣ እኔ ምንም ለመሥራት ልብ የለኝም፤ ላፕቶፔንም ወስደውብኛል። እስቲ አንተ እየው» ብሎ በቴሌግራም አሻገረለትና ስልኩን ዘጋ።

ሱራፌል ቡታጅራ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ያውም ብቸኛው። በጥቅምት ማለቂያ አንድ ሰኞ ጧት የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ኮምፒውተሯን ስትከፍት የታካሚው መዝገብ በሙሉ ወደማይነበብ ዝባዝንኬ ተለውጦ፣ ከላዩ የእንግሊዝኛ ማስፈራሪያ ተለጥፎበት አገኘችው። ለክፉ ቀን ተብሎ ሌላ ቦታ የተቀመጠው ቅጂ አራት ወር ያለፈው ነበር። በእነዚያ አራት ወራት የተጻፈው የእርጉዝ ክትትል፣ የስኳር ልኬት፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሁሉ ውሃ በላው። በዚያው ሳምንት አንዲት ወላድ የደም ዓይነቷ እንደገና እስኪመረመር ስትደማ ቆይታ ለጥቂት ተርፋለች።

ሆስፒታሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ የበሩ ዘበኛ ደግሞ ሱራፌል ነው። ሐሙስ በአራት ሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀመጣል። በቸልተኝነት ከተባረረና የስንብት ደብዳቤው ላይ እንዲያ ተብሎ ከተጻፈበት ከዚህ በኋላ ኮምፒውተር የሚያስነካው መሥሪያ ቤት አይኖርም። አገሩ ጠባብ ነው፤ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይተዋወቃል።

በሩ የሚባለው ፋየርዎል ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ ከውጪው ዓለም የሚጠብቅ፣ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚል ሣጥን። ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚገኝ ዓይነት ነው። ግን ፈረንጅ የሠራው ነውና የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓትና የፈረንጅ ቀን ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ከሁለት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፈቱት፣ ለበዓል ዝጉት» ሲሉ ባለሙያው በጣቱ እየቆጠረ ወደ ፈረንጅ ይመልሳል፤ ሲመልስም ይሳሳታል። አስረስና ሱራፌል ጉብሬ ካምፓስ ተማሪ ሳሉ ይህን አይተው ፋየርዎሉ ላይ የሚቀጠል አንድ ፕሮግራም ጻፉ። በሐበሻ ሰዓትና በሐበሻ ቀን በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ስሙን «የኛ ሰዓት» አሉት። ፈረንጆቹም ወደዱትና ከተፈቀዱት ቅጥያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገቡላቸው። የአሁኑ ደብዳቤም የመጣው ከእነሱ ነው።

አካውንቱ በሱራፌል ስም ተከፈተ፤ ፓስዎርዱን ሁለቱም ያውቁታል። ያን ጊዜ ብርድ ልብስ እንኳ በጋራ ነበር፤ አካውንት ምን ሊባል ነው! እያንዳንዱ የሚወጣው ፕሮግራም የሚይዘውን ቁጥር፣ ቨርዥን የሚሉትን፣ በኛው ዘመን አቆጣጠር እናድርገው ያለው ሱራፌል ነው። መጀመሪያ ዓመቱ፣ ቀጥሎ ወሩ። በዚህ ኮርቶ ነበር፤ አስረስም አብሮት ኮርቷል።

ሱራፌል ጥፋት የለብኝም የሚለው እንዲህ ብሎ ነው። በ2016 ግንቦት ላይ ፕሮግራሙ ጳጉሜን ሲደርስ እንደሚደነባበር ደረሰበት። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲመጣበት የሚያደርገውን ስለማያውቅ በሩን እንደተከፈተ ይተወዋል። ሱራፌል ወዲያው አረመውና ላከው፤ ማረሚያው ያኔውኑ እያንዳንዱ ፋየርዎል ጋ መድረስ ነበረበት። ይህንኑ ፕሮግራም የሚጠቀመው ሆስፒታሉ ጋ ግን አልደረሰም። ባለፈው ጳጉሜን አምስቱን ቀን ሙሉ በሩ ወለል ብሎ ከረመ፤ ሌባው በዚያ ገብቶ፣ አድፍጦ ቆይቶ፣ በጥቅምት መታቸው። «ልኬዋለሁ፤ ለምን እንዳልደረሰ እንጃ» ይላል ሱራፌል። ኮሚቴ ደግሞ «እንጃ»ን የት ያስቀምጠዋል?

ስለዚህ አስረስ ንዴቱ ሲበርድለት ደብዳቤውን እንደገና በተስፋ አነበበው። ከሦስቱ ጥፋቶች በአንዱ ውስጥ ያ «ለምን» ተሸጉጦ ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ። ካገኘው ሱራፌል ይድናል።

ፕሮግራም እንዲሁ እንደ ወሬ አይላክም፤ ይታሸጋል። እሽጉ ላይ ውስጡ ያለው ፋይል አንድ በአንድ ይመዘገባል፤ ለመሥራት የሚያስፈልጉት ሌሎች ፕሮግራሞች በስም ይጠራሉ፤ ከዚያ የቨርዥኑ ቁጥር ይሰፍራል። ከእነዚህ አንዱ ከተዛነፈ ፕሮግራሙ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን የማሸግ ሥራ ይንቀዋል። አስረስም ከሚንቁት አንዱ ነበር፤ ሁልጊዜ ለሱራፌል ነበር የሚተወው።

የመጀመሪያው ጥፋት አንድ ፋይል ከዝርዝሩ መቅረቱ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲነቀል ያቺ ፋይል ሣጥኑ ውስጥ ትቀራለች። ስሟን አስገባ። ለመሞከር ማሸግ ሲጀምር መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ጣቱን ሲያንቋቋ ቆየና እንደ አዲስ ጀመረ፤ አለፈለት። ሁለተኛው ጥፋት፣ ቀኑን የምታሰላው ትንሽ ፕሮግራም በአዲሱ ፋየርዎል ስሟ ተቀይሮ ሳለ እሽጉ ላይ የድሮ ስሟ መቅረቱ ነበር። ይህን እስኪደርስበት ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሦስት ጊዜ ቀየረ፤ ሦስት ጊዜ ቀይ መልእክት ወጣበት፤ በአራተኛው ገባለት። ሁለቱም ግን ከሱራፌል ጉዳይ ጋር አይገናኙም። ወደ ሦስተኛው ሄደ።

«የቨርዥን ቁጥራችሁ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እባክዎ ያስተካክሉ» ይላል።

ወደ ኋላ? አስረስ የእሽጉን ታሪክ ከፈተ። እስከ ዛሬ የተላከው እሽግ ሁሉ ቁጥሩ፣ ቀኑና የላኪው ስም በየመስመሩ ተቀምጧል። ከድሮው ጀምሮ አነበበ። 2015.11። 2016.2። 2016.5። ቀጥሎ 2024.3። ቀጥሎ 2016.9፤ የግንቦቱ፣ የጳጉሜን ማረሚያ ያለበት። ቀጥሎ 2017.2።

ፋየርዎል ዘመን አቆጣጠር አያውቅም፤ የሚያውቀው የቱ ቁጥር እንደሚበልጥ ብቻ ነው። 2024 የገባለት ሣጥን 2016 ሲመጣለት አሮጌ ነው ብሎ ይተወዋል፤ 2017 ሲመጣም ይተወዋል። ከዚያ አረንጓዴ ምልክት አብርቶ «ያለዎት የመጨረሻው ነው» ይላል። ሱራፌል ያን አረንጓዴ አይቶ፣ ማረሚያዬ ገብቷል ብሎ፣ ዓመት ከመንፈቅ በሰላም ተኝቷል።

«አገኘሁት!» ብሎ ጮኸ አስረስ፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ሰው አልነበረም። ደስታው እንደ ልጅ አስዘለለው። ቀጥሎ «ማነው ይህን 2024 የለጠፈ ደደብ?» ብሎ የመስመሩን ዝርዝር ከፈተ። በዚያ እሽግ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚጫኑት «ክፈት» የሚለው ቁልፍ እንዲተልቅ ተደርጓል።

መስመሩን እንደገና አነበበው።

ቁልፉን ያተለቀው እሱ ነው። በ2016 መጋቢት አንድ ቀን፣ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቁልፏ ለዓይኑ አነሰችበት። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። ሱራፌል ያን ሰሞን የእናቱ የወይዘሮ አበባ አስታማሚ ነበረና በዚህ ላይ በቁልፍ አላስቸግረውም ብሎ በጋራው አካውንት ራሱ ላከው። ቁጥር ሙላ ሲባል የሌሎች ሰዎችን እሽጎች አየ፤ ሁሉም 2024 ይላሉ። 2024.3 ብሎ ሞላና ምሳ ሄደ። ሱራፌል እናቱን ቀብሮ ሲመለስ የበፊቱን ታሪክ አላየም፤ ላፕቶፑ ላይ ከነበረው የራሱ ፋይል ቀጠለና በላዩ ላከበት። አስረስ ይህን ሁሉ እስከዚች ደቂቃ ድረስ እርግፍ አድርጎ ረስቶት ነበር።

ያቺን ወላድ አሰበ። ሱራፌል ላፕቶፑን ለዘበኛ አስረክቦ በሆስፒታሉ በር ሲወጣ አሰበ። አሥር ደቂቃ የፈጀ ሥራ፣ ያውም ማንም ያልጠየቀው ቁልፍ!

ጥፋቱን ማስተካከሉ ቀላል ነው፤ የሚያንገበግበውም ይህ ነው። ከቁጥሩ ፊት አንዲት «1» ትጨመራለች፤ ሣጥኖቹም አቆጣጠሩ እንደ አዲስ ተጀምሯል ብለው ይቀበላሉ። ረቡዕ ጧት ጨመራት፤ አሽጎ ላከ። ከዚያ ለሱራፌል ደወለ፤ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ፤ ዝግ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ስልኩ ዝግ በመሆኑ ትንሽ ቀለል ብሎታል። ቡታጅራ ሩቅ አገር አይደለም፤ ያኑ ዕለት ከምሳ በፊት ቢነሣ በጊዜ ይደርስ ነበር። አልሄደም። ስብሰባ አለብኝ ብሎ ራሱን አታለለ፤ ስብሰባው የመምህራን ሻይ ክበብ ጉዳይ ነበር።

ሐሙስ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈረ። ጉብሬን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ስልኩ ላይ የፈረንጆቹ መልስ ገባ። «ሁሉም ተስተካክሏል፤ ተቀብለነዋል። እናመሰግናለን፣ ሱራፌል።» ስልኩን ኪሱ ከተተው። ሳልናገር ብቀርስ? የሚል ሐሳብ መጣበት። ማን ያውቃል? ስሙ የትም የለም። ራሱን ተጸየፈ፤ ቢጸየፍም ሐሳቡ እስከ ተራራው ጫፍ አብሮት ሄደ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ቆረጠ። እናገራለሁ፤ ከፈለገ ዕድሜ ልኩን ይጥላኝ፤ ብቻ ከሙያው አይነቀል። የእሽጉን ታሪክ በወረቀት አትሞ ቦርሳው ውስጥ ይዞታል። ለሱራፌል አስቀድሞ ለብቻው ሊነግረው አስቦ ነበር፤ የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰና ጭቃ ዳር ሃምሳ ደቂቃ ገተራቸው። ሆስፒታሉ ሲደርስ አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ስብሰባው ተጀምሯል።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢው የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ዱባለ ናቸው፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ከተማው ውስጥ ሽምግልና በተጠራ ቁጥር የማይቀሩ ሰው። ሁለተኛዋ የነርሶች ኃላፊ ሲስተር ዘይባ ናት። ሦስተኛው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ሱራፌል ከጠረጴዛው ማዶ ብቻውን ተቀምጧል፤ ከስቶ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል። አስረስን ሲያይ ፊቱ ለአፍታ ፈካ አለ።

«ምስክር ነኝ» አለ አስረስ በሩ ላይ እንደቆመ። አስገቡት። ሳይቀመጥ ጀመረ። «ጥፋቱ የኔ ነው። የሱራፌል አይደለም። ማረሚያውን በጊዜው ልኮታል፤ እንዳይደርስ ያደረግሁት እኔ ነኝ።» ወረቀቱን ዘርግቶ በጣቱ እያሳየ አስረዳ። አላስቸገሩትም፤ ሁለት ካላንደር ግድግዳው ላይ የሰቀለ መሥሪያ ቤት ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር መማር የለበትም።

«እኛ 2016 ስንል እነሱ 2024 ይላሉ፤ ማሽኑ ትልቁን ይዞ ቀረ» አሉ አቶ ዱባለ።

«አዎ፣ ጋሼ። እንደዚያ ነው።»

«እንግዲያው ጥፋተኛው 2024 ብሎ የጻፈው ነው።»

«አዎ። እኔ ነኝ።»

አቶ ዱባለ መነጽራቸውን አጥልቀው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉ። «እዚህ የተጻፈው ግን ሱራፌል ነው።»

«አካውንቱ በእሱ ስም ስለሆነ ነው እንጂ የላክሁት እኔ ነኝ። ትናንት የላክሁትም በእሱ ስም ነው የወጣው፤ ይኸው የመጨረሻው መስመር። ላፕቶፑ እናንተ ጋ አይደለም እንዴ?»

ሲስተር ዘይባ ወደ ሱራፌል ዞረች። «የትናንቱን ሥራልኝ ብለኸው ነበር?»

«ብዬዋለሁ።»

«የመጋቢቱንስ?»

ሱራፌል ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «አላስታውስም፣ ሲስተር። ያን ጊዜ እናቴ...»

«እሱ አላለኝም፤ በራሴ ነው ያደረግሁት!» አለ አስረስ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከውም?» አለችው።

«ረስቼው ነበር። ትንሽ ነገር ናት፤ ቁልፍ ማተለቅ ነው።»

«ዓመት ከመንፈቅ የተረሳች ነገር ጓደኛህ ሊባረር በተቀመጥንበት ቀን ትዝ አለችህ?» በክፋት አልተናገረችውም፤ እንዲያውም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «አላህ ይስጥህ ወንድሜ። እኔ እንዲህ የሚያደርግልኝ ጓደኛ የለኝም።»

«እውነቴን ነው!»

«ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉ አቶ ዱባለ። ድምፃቸው ለስልሷል። «በዚህ ዘመን ለጓደኛው እንዲህ የሚቆም ሰው አይቼ አላውቅም። ወላጆችህ ይባረኩ። ነገር ግን የሌለህበትን ጥፋት አናሸክምህም።»

«ጋሼ፣ አለሁበት እኮ! እንዴት ብዬ ልንገርዎት?»

«ተቀመጥ አልኩህ፣ ልጄ።» ወረቀቱን ለጸሐፊው አቀበሉት፤ ጸሐፊውም ከመዝገቡ ጋር አያያዘው። አቶ ዱባለ ወደ ሱራፌል ዞሩ። «አንተ ከመግባትህ በፊት ተመካክረን ነበር። ማስረጃ የለም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንለፈው ተባብለን ነበር። አሁን ግን ማስረጃ መጣ፤ ያውም ስምህ ያለበት። ምን ትላለህ?»

አስረስ ያደረገው ነገር የገባው ያኔ ነው። ሊያድነው ይዞለት የመጣውን ወረቀት በገዛ እጁ አንገቱ ላይ አስሮለታል። ተነሥቶ መዝገቡን ሊነጥቅ ቃጣው።

ሱራፌል ጎንበስ ብሎ ከመዝገቡ ጋር የተያያዘውን ወረቀት አየ። መስመሩ ላይ ስሙ አለ። «እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ያን ወር እናቴ አልጋ ሥር ቁጭ ብዬ ነበር የምሠራው። ቀንና ሌሊቱ ተምታቶብኝ ነበር። ምን እንደጻፍኩ፣ ለማን እንደላክሁ አላውቅም። ስሜ ካለበት እኔ ነኝ።»

«ሱሬ፣ አንተ አይደለህም!»

ሱራፌል ዞሮ አየው። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ጥርጣሬም የለም። «በቃ፣ አሱ» አለው በቀስታ፣ ለሚያለቅስ ሰው እንደሚባለው።

ስንብት ሆነ። ቸልተኝነት የሚለው ቃል እንዲገባ አቶ ዱባለ ራሳቸው እየተከዙ አስጻፉ። ሁለቱ ጓደኛሞች ሲወጡ አቶ ዱባለ ለአስረስ ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ሲስተር ዘይባ እስከ በሩ ሸኘችው። ሱራፌልን የጨበጠው የለም።

ከግቢው ውጪ፣ የባጃጆቹ ሰልፍ ጋ ሲደርሱ፣ ሱራፌል አስረስ አንገት ላይ ተጠመጠመና ተንሰቀሰቀ። አላፊ አግዳሚው ሰው የሞተባቸው መስሎት ከንፈር መጠጠላቸው።

«ስማኝ» አለ አስረስ አላቅቆ፣ ትከሻውን ይዞ። «ለኮሚቴው ብዬ አይደለም የተናገርኩት። አሁን ማንም የለም፤ እኔና አንተ ብቻ ነን። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንተ እናትህ ጋ ነበርክ፤ እኔ ኮሌጅ ቁጭ ብዬ ቁልፍ አተለቅሁ።»

«አሱ፣ ገብቶኛል። እንዳልጸጸት ብለህ ነው።»

«አይደለም! በእናትህ አጽም እምላለሁ...»

ሱራፌል በመዳፉ አፉን ከደነው። «በእሷ አትማል። ለኔ ብለህ በሐሰት እንድትምል አልፈልግም፤ የሠራሁት ይበቃኛል። ሰው ልገድል ነበር እኮ። ያቺን ወላድ አይቻታለሁ፤ በቃሬዛ ሲያስገቧት ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ።» እጁን ገልብጦ አየው። «ከእንግዲህ ይህን እጅ አላምነውም። ፓስዎርዱን ቀይረው፤ አዲሱን አትንገረኝ። እንሴኖ አጎቴ የበርበሬ መጋዘን አለው፤ ከረጢት ብሸከም ማንንም አልጎዳም።»

አስረስ ከዚህ በላይ ምን ይበል? ያለው ቃል ሁሉ ተነግሯል፤ በተናገረ ቁጥር ጓደኛው የባሰ ያመሰግነዋል። ደግሞም፣ ይህን ለማንም ሊናገረው አይችልም፣ ደክሞት ነበር።

የእንሴኖው መኪና ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ተጣራ። ሱራፌል እንባውን በእጅጌው ጠረገ። አንድ እግሩን መኪናው ላይ አድርጎ ዞረ።

«ይህን ውለታህን እስክሞት አልረሳውም» አለው። «አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ።»

«ምንም አይደል» አለ አስረስ።